ለስምንት ዲስክ የተጠራ ደቦ

አቻምየለሽ ዲስክን በዓይኗ ሳታየው ፈራችው። ሰው ጅብን እንኳ ቢያንስ ድምፁን ሰምቶ ነው የሚፈራው፤ እሷ ግን ልጇ ውዳሴ ከሥራ ተመልሳ «እማ፣ ዓርብ ዲስኮቹ ይፈተናሉ» ካለቻት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞር ብሏት ሰነበተ። የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል ከጨረሰች ገና ወር አልሞላትም። ፈተና የሚባለው ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያስጨንቅ ታውቃለች። የሚፈተኑት ዲስኮቹ ይሁኑ እንጂ የሚወድቀው ሰው እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ገብቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውዳሴ ኮምፒውተር ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር በኮንትራት ትሠራለች። ማኅበሩ ለዙሪያው ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያድላል። የገበሬው ስም፣ ፎቶው፣ የጣት አሻራው፣ የመሬቱ ስፋት፣ ሁሉም ሰርቨር በሚሉት አንድ ማሽን ውስጥ ተቀምጧል። ማሽኑ ያን ሁሉ ጉድ የሚያኖረው ደግሞ በስምንት ዲስኮች ላይ ነው። አምና ግንቦት ላይ፣ ማዳበሪያ በሚታደልበት ቀን፣ ሃያ ጸሐፊዎች በአንድ ጊዜ ቢጠይቁት ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። ገበሬው በዝናብ ሲደበደብ ዋለ። አቻምየለሽም ማንኩሳ በኩል ያላትን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጥታ የምትኖር ናትና ከሰልፉ ውስጥ ነበረች። የለበሰችው ላስቲክ ተቀዶ ውሃው በጀርባዋ ሲወርድ «ምን ሆነው ነው?» ብላ ብትጠይቅ «ሲስተም የለም» አሏት። ሲስተም የተባለውን ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ስትረግመው ዋለች።

ውዳሴ የተቀጠረችው ከዚያ በኋላ ነው። ወራት ስትመረምር ቆይታ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ ክንፈሚካኤል ዘንድ ገባች።

«ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም» አለችው። «ዲስኮቹ የተያያዙበት መንገድ ነው። ስምንቱም በአንድ ገመድ እንደታሰሩ ቁጠሩት። አንዱ አንድ ነገር በጻፈ ቁጥር ሌሎቹ ሒሳብ ሲያሰሉ ይጠባበቃሉ። እንደ በሬ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ልጥመዳቸው። አንዱ የያዘውን ጓደኛውም ይይዘዋል፤ አንዱ ጥንድ ሲሠራ ሌላው ጥንድ ሌላ ማሳ ላይ ይሆናል። አዲስ ማሽን መግዛት አያስፈልገንም።»

አቶ ክንፈሚካኤል ደግ ግን ተጠራጣሪ ሰው ነው። ጥመጂያቸው አላት፤ ጠመደቻቸው። ከዚያም ራሷ በጫነችው የመፈተኛ ፕሮግራም ለክታ፣ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ያለበት ወረቀት አቀረበችለት። ወረቀቱን ገለባብጦ አየና «ማሽን ለማሽን ቢመሰክርለት ምን ይደንቃል?» አለ። «በሰው አሳይኝ። የእኔ መለኪያ አንድ ነው። ገበሬው ስሙን ተናግሮ፣ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ መልሱ ካልመጣ ማሽኑ ዘግይቷል። ከመጣ ቋሚ ሠራተኛ ትሆኛለሽ። ካልመጣ ግን ማሽኑን ለቡሬው ቅርንጫፍ እሰጠዋለሁ፤ የአንቺም ኮንትራት በዚሁ ያበቃል።»

የቡሬው ቅርንጫፍ ኃላፊ ይታገሱ ማሽኑን መለመን ከጀመረ ቆይቷል።

ውዳሴ ይህንን ለእናቷ ስትነግራት ከሁሉ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ቀልድ፣ «ካልሆነም ፓስፖርት አወጣለሁ» አለች። አቻምየለሽ ሌላውን ሁሉ ረስታ ይህችን ቃል ብቻ ያዘች። የጎረቤቷ ሁለት ሴት ልጆች ፓስፖርት አውጥተው ዓረብ አገር ከሄዱ ወዲህ እናታቸው የስልክ ጥሪ በሰማች ቁጥር ከተቀመጠችበት ትዘላለች፤ የሰው ስልክ ቢሆንም ትዘላለች። አቻምየለሽ እንደዚያ እየዘለለች መኖር አትፈልግም።

ሐሙስ ቀን ውዳሴ ለምሳ ስትገባ ፊቷ ጠቁሯል።

«እማ፣ አለቀልኝ። ጸሐፊዎቹን በሙሉ ቡሬ ለስብሰባ ጠሯቸው።»

«የምን ስብሰባ?»

«ስብሰባ ስለ መቀነስ ነው መሰለኝ። ሳምንት ሙሉ ነው አሉ።»

«ታዲያ ፈተናውን ያራዝሙታላ!»

«ይታገሱ ነገ መኪና ይዞ ይመጣል፤ አቶ ክንፈሚካኤልም ቀን አልቀይርም ብሏል። ሃያ ኮምፒውተር አዳራሹ ውስጥ ተደርድሯል፤ የሚነካው ጣት ግን የለኝም።»

«ጣት?» አለች አቻምየለሽ። ወጥ ማማሰሏን ትታ ማማሰያውን በእጇ እንደያዘች ቆመች። «የቸገረሽ ጣት ነው? ጣት ብቻ?»

«ሃያ ሰው፣ እማ።»

«ታዲያ ደቦ ልጥራልሽ!»

ውዳሴ መሳቅ ጀመረች፤ እናቷ ግን እየሳቀች አልነበረም። ክፍሏ ውስጥ ፊደል የጨረሱ ሃያ ሴቶች አሉ። ሰው ማሳው ሲሰፋበት ደቦ ይጠራል፣ ቤቱ ሲፈርስበት ደቦ ይጠራል፤ ዲስክ ሲሆን የማይጠራበት ምን ምክንያት አለ?

«እነሱ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም እኮ።»

«ፊደሉን የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ደርድሬዋለሁ፣ መንካት ብቻ ነው ብለሽኝ የለ? ወይስ እናትሽን ለማስደሰት ነው የዋሸሽኝ?»

አልዋሸችም። ጸሐፊዎቹም አማርኛ መተየብ ስለሚያስቸግራቸው ውዳሴ ፊደሉን ከነ ዘሩ ስክሪኑ ላይ ደርድራዋለች። በማውዝ አንድ በአንድ እየነኩ ስም መሥራት ነው። ስሙ ሲሞላ «ፈልግ» የሚል አለ፤ ገበሬው ከነ ፎቶው ሲመጣ «ማዳበሪያ ወስዷል» የሚል አለ፤ እሱ በተነካ ቁጥር ሁለት ኩንታል ይመዘገባል፤ በቃ። ውዳሴ አሰበች፤ እንደገና አሰበች፤ ሳቋ ግን አልቆም አለ።

«እሺ፣ ጥሪያቸው» አለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አቻምየለሽ በጎልማሶች ክፍል ፊት ቆመች። ከሁሉም የሚበልጡት እማሆይ እህተ ማርያም ናቸው፤ ዳዊት ለመድገም ብለው በስተርጅና ፊደል የቆጠሩ መነኩሲት። ከሁሉም ምላሷ የሚፈጥነው ደግሞ ሳቢሃ ናት፤ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በርበሬ የምትነግድ፣ ሒሳብ በጭንቅላቷ የምትሠራ፣ መጻፍ ግን ዘንድሮ የጀመረች።

«ነገ ጧት ደቦ አለብኝ» አለች አቻምየለሽ።

«ግንቦት ሳይጋመስ የምን ደቦ ነው?» አለች ሳቢሃ። «ምን እንያዝ? መቆፈሪያ ነው አካፋ?»

«ጣትሽን ብቻ ይዘሽ ነይ።»

«ጣቴንማ ቤት ጥዬው አልመጣ! ምኑ ላይ ነው የምንሠራው?»

«ኮምፒውተር ላይ።»

እማሆይ ቆባቸውን አስተካከሉ። «ይነክሳል ወይ?» አሉ።

«ኧረ አይነክስም፣ እማሆይ።»

«እንግዲያውስ እመጣለሁ። ምሳው ምንድን ነው?»

ምሳው ድፎ ዳቦና የበቆሎ ንፍሮ ሆነ። ደቦ ጠርቶ ባዶ እጅ የሚገኝ ሰው ስለሌለ አቻምየለሽ እስኪመሽ ስታቦካና ስትቀቅል ቆየች። ለእነ ሳቢሃ ብርዝ፣ ለቀሩት ጠላ። ስትጋግር ዲስኮቹን ረሳቻቸው፤ ዳቦው ሲበስል እንደገና አስታወሰቻቸው።

ዓርብ ጧት የማኅበሩ ግቢ ሃያ ሴቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው፣ አንዳንዶቹም ከልማድ ብዛት እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲገቡበት ሰርግ ቤት መሰለ። ይታገሱ ከቡሬ ደርሶ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሟል። ማሽኑን የሚያስርበት ገመድ ሳይቀር ኋላ ላይ ጥቅልል ብሎ ይታያል። አቻምየለሽ ገመዱን ላለማየት ፊቷን አዞረች።

«አቶ ክንፈሚካኤል» አለ ይታገሱ እየሳቀ፣ «ለፈተና ነው ወይስ ለሰርግ የጠሩኝ?»

«ሰርግ ቢሆንማ አንተን ማን ይጠራሃል!» አለችው ሳቢሃ። ቡሬ ገበያ ላይ ሲከራከራት ያደገ ልጅ ስለሆነ አታፍረውም።

አዳራሹ ውስጥ ሃያ ኮምፒውተሮች በረድፍ ተደርድረዋል። በመጨረሻው ግድግዳ ላይ ባለ መስተዋት በር አለ፤ ከመስተዋቱ ኋላ ማሽኑ ቆሟል። በደረቱ ላይ ስምንት ትናንሽ አረንጓዴ መብራቶች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ዲስክ አንዳንድ። ዲስኩ ሲሠራ መብራቱ ጥቅስ ጥቅስ ይላል፣ ሲያርፍ ረግቶ ይበራል። ውዳሴ ይህንን ለእናቷ አስረዳቻትና «አንች ባለ ደቦ ነሽ፤ እዚህ ቁሚና መብራቶቹን እይልኝ» አለቻት። አቻምየለሽ ከመስተዋቱ ሥር ቆመች፤ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስምንቱን መብራቶች እንደ ሕፃን ልጅ ጠበቀቻቸው።

ሴቶቹ ማውዝ መያዝ እስኪለምዱ ድረስ የነበረው ሁካታ ሌላ ነው። አንዷ ጠረጴዛው አልበቃ ብሏት ማውዙን እየገፋች እስከ ጎረቤቷ ጭን አደረሰችው። እማሆይ ደግሞ «እቺ ቀስት ለምን አታርፍም?» ብለው ሁለት እጃቸውን ጫኑባት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ሁሉም ለመዱት፤ ፊደሎቻቸው ናቸዋ፣ ስንት ወር የደከሙባቸው ፊደሎች፣ በትልቁ በርተው ተቀምጠዋል።

አቶ ክንፈሚካኤል መሐል ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊቱ ባለ ሰማያዊ ቀለም ማኅተም መርገጫና አንድ ነጭ ወረቀት አኖረ። ገበሬውን ሆኖ ጣቱን የሚነክረው ራሱ ነው።

«እያንዳንዳችሁ የአንድ ገበሬ ስም ጻፉ» አለች ውዳሴ። «አቶ ክንፈሚካኤል ጀምሩ ሲል ሁላችሁም ፈልግ የሚለውን ትነካላችሁ። ሲመጣላችሁ መጣ በሉ። ከዚያ ማዳበሪያ ወስዷል የሚለውን ንኩ።»

«ጀምሩ!»

አቶ ክንፈሚካኤል ጣቱን ከጉልበቱ ላይ ገና ሲያነሳ አዳራሹ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ሃያው በአንድ አፍ። ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«እንዴ!» አለ። «እስቲ እንደገና። ጀምሩ!»

«መጣ!»

«ጀምሩ!»

«መጣ!»

አሥር ጊዜ ደጋገመው፤ አሥሩንም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። አቶ ክንፈሚካኤል በችኮላ ብዛት ከአውራ ጣቱ አልፎ መዳፉን፣ ከመዳፉ አልፎ አፍንጫውን ሰማያዊ አደረገ። አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ይታገሱ አፉን ከፍቶ ቀረ። አቻምየለሽ መብራቶቹን አየች፤ ስምንቱም ረግተው ይበራሉ፣ አንዱም ጥቅስ አይልም። እንዴት ያሉ ጨዋ ዲስኮች ናቸው፣ ሥራውን ሁሉ ሠርተው ላብ እንኳ አላላባቸው ብላ ደስ አላት። አቶ ክንፈሚካኤል በሰማያዊ እጁ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ ሲያወጣ እንባዋ መጣ።

ውዳሴ ግን እየሳቀች አልነበረም። መጥታ ከእናቷ ጎን ቆመችና መብራቶቹን አየች። ከዚያ ዞራ በሴቶቹ ኋላ በረድፍ መካከል አለፈች። በመጀመሪያው ስክሪን ላይ ያለው ፎቶ እናቷ ናት። በሁለተኛውም ላይ እናቷ ናት። በሦስተኛውም። በእማሆይ ስክሪን ላይ፣ በሳቢሃ ስክሪን ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ሃያ አቻምየለሽ ሻሿን አስራ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ትመለከታለች።

«እትዬ ሳቢሃ» አለች በቀስታ፣ «ምነው ሁላችሁም የእማን ስም ጻፋችሁ?»

«የማንን ልንጽፍ ኖሯል?» አለች ሳቢሃ፣ ከልቧ ገርሟት። «ደቦ የጠራችን እሷ አይደለች? የባለ ደቦዋን ማሳ ትቼ የራሴን ላርስ? አሳዳጊ የበደለኝ ሰው እመስልሻለሁ?»

ውዳሴ ተመልሳ ወደ እናቷ ሄደች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ማሽኑ ስምሽን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከዲስክ ያወጣው፤ ከዚያ በኋላ እጁ ላይ ይዞት ቆይቶ በጠየቁት ቁጥር ከእጁ ነው የሰጣቸው። የወሰድሽውን ማዳበሪያም እዚያው እጁ ላይ አጠራቅሞታል። ዲስኮቹ ሥራ አላዩም። የተፈተነ ነገር የለም።

አቻምየለሽ ቀና ብላ አየች። የአቶ ክንፈሚካኤል እስክሪብቶ ክዳኑ ተነቅሏል። የቅጥሩን ወረቀት ከማኅደሩ እያወጣ ነው።

«ዝም በይ» አለቻት፣ የልጇን ክንድ ጭምቅ አድርጋ። «ማርያምን፣ ዝም በይ። ይፈርም።»

«እማ፣ የማዳበሪያው ቀን ሰው ሁሉ ያንችን ስም አይጠይቅም።»

«ይፈርም አልኩሽ!»

ውዳሴ እናቷን ብቻ አየቻት። ያኔ አቻምየለሽ በጀርባዋ በኩል፣ ከአንገቷ ሥር እስከ ወገቧ፣ ያ የአምናው ውሃ ሲወርድ ተሰማት። የተቀደደው ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማችው። ሰልፉ ላይ ከፊቷ የነበረው ሽማግሌ የማኅበር ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ሲንቀጠቀጥ አየችው። ዘንድሮም እዚያው ሊቆም ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሲስተም የለም የምትለው የእሷ ልጅ ልትሆን ነው።

«አቶ ክንፈሚካኤል!» አለች፣ ራሷም ሳታስበው ጮክ ብላ። «እባክዎ እስክሪብቶውን ያቆዩልኝ። ደቦው አላለቀም።»

ነገሩን በራሷ አንደበት ነገረችው፤ እየፈራች፣ እየተንተባተበች፣ ግን ሳታስቀር። አቶ ክንፈሚካኤል ተነሥቶ የሳቢሃን ስክሪን አየ። ቁጥሩን ሲያነብ ድምፁ ተለወጠ።

«ወይዘሮ አቻምየለሽ፣ እርስዎ አራት መቶ ኩንታል ማዳበሪያ ወስደዋል?»

«ኧረ እኔ አንድ ማሰሮም አልወሰድኩ!»

«ኮፒ ነው፣ ኮፒ ነው!» አለች ውዳሴ። «ለፈተና ብዬ የገለበጥኩት መዝገብ ነው፤ ዋናው አልተነካም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እማሆይ «የኔ ልጅ፣ የት አባትሽ ልታራግፊው ነው?» ብለው ሆዳቸውን ያዙ። ይታገሱ ብቻ ቆጣ አለ። «ይኼ ማጭበርበር ነው! ፈተናው ወድቋል፤ ማሽኑን ልጫን።»

«ያጭበረበረ ሰውማ አይናገርም» አለ አቶ ክንፈሚካኤል። «እንደገና ይሠራ።»

ሴቶቹ ግን እንቢ አሉ። ውዳሴ ሌላ ሌላ ስም ጻፉ ብትላቸው ፈገግ እያሉ «ግድ የለሽም ልጄ፣ መጀመሪያ የእሷን እንጨርስላት» ብለው እንደገና «አ» የሚለውን ይፈልጋሉ። ለመነቻቸው፤ ይብስ በረቱ። ደቦ የመጣን ሰው ከማሳው መልቀቅ የሚችል ባለ ደቦው ብቻ እንደሆነ ውዳሴ ረስታዋለች። እናቷ አልረሳችውም። ወንበር ላይ ወጣችና ነጠላዋን አስተካክላ፣ አባቷ ማንኩሳ ላይ ደቦ ሲያሰናብት እንደሰማችው አድርጋ ተናገረች።

«እጃችሁ ይባረክ! ጉልበታችሁ አይድከም! የኔ ማሳ አልቋል፣ አምሮልኛልም። ከእንግዲህ ሁላችሁም በየራሳችሁ ማሳ ግቡ። የዘመድም፣ የባዳም፣ የጠላችሁትም ሰው ስም ይሁን፤ አንዷ የጻፈችውን ሌላዋ እንዳትደግመው!»

«አሜን!» አሉና ማውዛቸውን ያዙ።

«ጀምሩ!»

ስምንቱ መብራቶች በአንድ ጊዜ አበዱ። ጥቅስ፣ ጥቅስ፣ ጥቅስ፣ አንዱ ሲያርፍ አንዱ ሲነሣ፣ ከመስተዋቱ ኋላ ማሽኑ እንደ ወፍጮ ማጉረምረም ጀመረ። አቶ ክንፈሚካኤል ጣቱን አነሣ። ስክሪኖቹ ነጭ ናቸው። ጣቱ ቀለሙን ነካ። ስክሪኖቹ አሁንም ነጭ ናቸው። ጣቱ ወደ ወረቀቱ ጉዞ ጀመረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ፈነዳ።

«መጣ!»

«መጣ! ውይ፣ አማቼ! ፎቶ ላይ እንኳ ተቆጥቷል!»

«የኔም መጣ! ይኼ ሰውዬ ጥርስ ነበረው እንዴ?»

«ቀጥሉ!» አለች ውዳሴ። «ሌላ ስም! ሌላ!»

ከዚያ በኋላ የነበረውን በሥርዓት መናገር ያስቸግራል። ስም በስም ላይ፣ «መጣ» በ«መጣ» ላይ ሆነ። እማሆይ ግሽ ዓባይ የሚኖር ወንድማቸውን ፈልገው ፎቶውን ሲያዩ «ሸብቷል፣ አንተ ሸብተሃል!» እያሉ ስክሪኑን ሳሙት፤ ማዳበሪያውን ስጡት ቢባሉ «ቆዩ፣ ልጥገበው» አሉ። ሳቢሃ ዝም ብላ ስትነካ ቆይታ ድንገት ቀና አለች።

«ይታገሱም መዝገቡ ውስጥ አለ! ሁለት ኩንታል ሰጥቼሃለሁ፤ አመስግነኝ!»

በእያንዳንዱ ዙር የአቶ ክንፈሚካኤል ጣት እየተቀደመ መንገድ ላይ ይቀራል። ይታገሱ ከሳቁ ውጪ ቆሞ መስተዋቱን ሲያይ ቆየና ወደ ውዳሴ ዞረ።

«አንድ ዲስክ ቢበላሽስ? በሥራ መሐል፣ አሁን ቢበላሽ?»

«ጓደኛው ይሠራለታል። ማሽኑ ሳይጠፋ ይወጣል፣ ይገባልም።»

«ልየው?» አለና ሳትከለክለው በሩን ከፍቶ አንዱን ዲስክ ከነ መያዣው መዠረጠው።

አቻምየለሽ ጮኸች። በሕይወቷ ያየችው ጥንድ የበሬ ጥንድ ብቻ ነው። አንዱ በሬ ከቀንበር ከወጣ ሌላው የትም አይሄድም፤ እርሻው እዚያው ቆመ ማለት ነው። ማሽኑ ጲጵ፣ ጲጵ ይላል። አንዱ መብራት ቀይ ሆነ። ከጎኑ ያለው ግን፣ ብቻውን የቀረው፣ እንደ እብድ ይጠቅሳል።

«ጀምሩ!» አለ አቶ ክንፈሚካኤል፣ እሱም ደንግጦ።

ጣቱ ተነሣ። ቀለሙን ነካ። ወረቀቱ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ነው፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ዘግይቶ፣ «መጣ!» የተባለው።

«ጣቱ ቀደመ!» አለ ይታገሱ፣ ዲስኩን እንደ ዋንጫ ወደ ላይ አንሥቶ። «ሁላችሁም አይታችኋል፣ ጣቱ ቀደመ!»

ውዳሴ ዓይኗን ጨፈነች። አቻምየለሽ መኪናው ላይ ያለው ገመድ ታያት፤ ከገመዱም ኋላ ፓስፖርት።

«የማን ጣት?» አለች ሳቢሃ።

«የአቶ ክንፈሚካኤል ነዋ!»

«እሱማ አፍንጫውም ነክሯል።» ሳቢሃ ከወንበሯ ተነሣች። «አቶ ክንፈሚካኤል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከእርስዎ በቀር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጣቱን ቀለም የሚነክር ሰው ማን አለ? ወር ከዓመት ፊደል ላይ ያጎነበስነው ለምን ይመስልዎታል? እኛ እንፈርማለን!»

«እንፈርማለን!» አሉ ሴቶቹ። እማሆይ ጠረጴዛውን መቱት።

አቶ ክንፈሚካኤል ሰማያዊ እጁን አገላብጦ ተመለከተው። ከዚያ ቀስ ብሎ መሳቅ ጀመረ። የጣት አሻራውን ወረቀት ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋና የቅጥሩን ወረቀት ከነ እስክሪብቶው ለአቻምየለሽ ዘረጋላት።

«እንግዲያውስ እርስዎ ይፈርሙ፤ እኔ ማሽኑን ልይ። አንተ ይታገሱ፣ ዲስኩን እንዳትመልሰው። ጀምሩ!»

አቻምየለሽ ጎንበስ አለች። «አ» ብላ የፊደሉን እግር ስታወርድ «መጣ!» ተባለ። «ቻ» ላይ ምላሷን ነክሳ ቆቡን ስትደፋለት «መጣ!» ተባለ። «ም» ሲያልቅ እማሆይ ወንድማቸውን ለሁለተኛ ጊዜ አይተውታል። «የ»ን እንዳይጣመምባት አድርጋ፣ «ለ»ን ሁለት እግሩን እኩል አቁማ፣ «ሽ» ላይ ደርሳ ቀና ስትል ሃያው ሴት እጁን አጣጥፎ ይጠብቃታል።

«ወይዘሮ አቻምየለሽ» አለ አቶ ክንፈሚካኤል፣ «ማሽኑ ሻይ ጠጥቶ ይመለስ ወይ?»

ይታገሱ ሳይቀር ሳቀ።

«በሙሉ ዲስክ ጣትን ቀድሟል፣ በጎደለ ዲስክ እስክሪብቶን ቀድሟል» አለ አቶ ክንፈሚካኤል። «ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ?» ከእናቷ ስም ሥር የውዳሴን ቅጥር ፈረመ። ፊርማው ሰማያዊ የጣት አሻራም ታከለበት፤ ሳያስበው ነው።

ውዳሴ ዲስኩን ከይታገሱ እጅ ተቀብላ ወደ ቦታው ገፋችው። ቀዩ መብራት ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴ ሆነና ቀስ ብሎ ይጠቅስ ጀመር። «የጎደለበትን ከጓደኛው እየገለበጠ ነው» አለች። ይታገሱ አንገቱን አከክ አከክ አደረገ። «የቡሬውንም አሮጌ ማሽን እንዲህ ብትጠምጅልን» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«መጀመሪያ ገመድህን ጠቅልል» አለችው ሳቢሃ።

ግቢው ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ ድፎ ዳቦው ተቆረሰ። ንፍሮው በሰፌድ ዞረ። አቻምየለሽ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል በአፏ ዞረላት፤ እንዲያውም ከሁሉም በላይ በላች። ሰዎቹ «ማዳበሪያሽን መቼ ነው የምትጭኚው?» እያሉ ይስቁባታል፤ እሷም ትስቃለች። የመጨረሻው ብርዝ ሲቀዳ ሳቢሃ አፏን ጠራርጋ ወደ ውዳሴ ዞረች።

«እንግዲህ ማክሰኞ የምቀነጥሰው በርበሬ አለኝ። በጧት ነይ።»

«እኔ?» አለች ውዳሴ።

«እኔ ደግሞ ሰኔ ላይ የችግኝ ተከላ አለኝ» አለች ሌላዋ።

«የኔ በቆሎ ሐምሌ ላይ ይታረማል።»

«የኔ ጤፍ መስከረም ላይ ነው፤ ከመስቀል በፊት ግን ይሻላል።»

«እኔ መነኩሲት ነኝ፣ ማሳ የለኝም» አሉ እማሆይ። «ዳዊቴን ከፊቴ ይዘሽ ትቀመጭልኛለሽ። ዓመት ይበቃናል።»

ውዳሴ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ! ሃያ ሰው ቤት? እኔ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ እኮ!»

«ቅዳሜና እሑድስ ማን ወሰደብሽ? ማክሰኞም ከሥራ በፊት ነው። ደቦ ተጠርቶልሽ ሳትመልሺ ልትቀሪ ነው?»

አቻምየለሽ በልቧ ወሩን ከሰኔ ጀምራ ቆጠረችው። ሰኔ ተይዟል፣ ሐምሌ ተይዟል፣ መስከረም ተይዟል፤ የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የእማሆይ ነው። የሃያ ሴት ደቦ ያለባት ልጅ ባሕር መሻገሯ ይቅርና እዚህ ከተማው ሥር ያለውን የላህን ወንዝ መሻገር አትችልም። ይህንን ስታስብ ሳቋ ከሆዷ ፈነቀላት፤ የያዘችው ብርሌ እስኪፈስ ድረስ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?» አለች ውዳሴ። «በርበሬ መቀንጠስ አልችልም፤ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ምን ይዤ ነው የምሄደው?»

«ጣትሽን» አለች እናቷ፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች። «ጣትሽን ብቻ ይዘሽ ሂጂ።»